ምጣዱ ለምን ከጠርዙ ይነቃል? ወጥ ያልሆነ ሙቀት በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የሚፈጥረው ስትረስ እንዴት ይሰላል?

ጥያቄ፦ «የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚያመርት አነስተኛ ወርክሾፕ እሠራለሁ። የሸክላው ዲያሜትር 58 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር ነው። ሬዚስታንሱ ከሥር በተቆፈረው ቦይ ውስጥ ተጠምዝዞ ከመሐል እስከ 24 ሴንቲሜትር ራዲየስ ይደርሳል፤ ኃይሉ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። መሐሉ 220 ዲግሪ ሲደርስ ጠርዙ 110 ላይ ይቀራል። የሸክላውን የኢላስቲሲቲ ሞጁለስ (የግትርነቱን መለኪያ) 10 ጊጋፓስካል፣ የሙቀት መስፋፊያ ኮፊሸንቱን በዲግሪ 6 ሚሊዮንኛ አድርጌ ሁለቱን በ110 ዲግሪው ልዩነት ሳባዛ 6.6 ሜጋፓስካል አገኘሁ። ከዚሁ ሸክላ የተቆረጡ ትንንሽ ናሙናዎች በማጉበጥ ሙከራ የተሰበሩት 8 ሜጋፓስካል ላይ ስለሆነ መንቃት አልነበረበትም። ሆኖም ብዙዎቹ ከጠርዝ ወደ መሐል ይነቃሉ። ውፍረቱን ወደ 30 ሚሊሜትር ላሳድገው? ወይስ ስሌቱን በኮምፒውተር፣ አካሉን ወደ ትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ በሚያሰላው በፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ልድገመው?»

ውፍረቱን ማሳደግ ችግሩን አይፈታም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ፋይናይት ኤለመንትም ቢሆን አሁን ያለው አስተሳሰብ ሳይስተካከል ከተሠራበት ያንኑ ስህተት ይደግማል። ያገኙት 6.6 ሜጋፓስካል ከትክክለኛው መልስ ብዙ ያልራቀው በአጋጣሚ ነው፤ ሙቀቱ በሌላ መልክ ተሠራጭቶ ቢሆን ኖሮ ይኸው የ110 ዲግሪ ልዩነት የዚህን ቁጥር ሲሶ ብቻ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ መስተካከል ያለበት ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ የተገኘበት መንገድ ነው።

የሙቀት ልዩነት በራሱ ስትረስ፣ ማለትም በአካሉ ውስጥ በየስፋቱ ላይ የሚያርፍ የመጎተት ወይም የመጨመቅ ኃይል፣ አይፈጥርም። ስትረስ የሚፈጠረው ሊሰፋ የፈለገ ክፍል እንዳይሰፋ ሲከለከል ነው፤ የሚከለክለውም ወይ ከውጭ አጥብቆ የያዘው ነገር ነው፣ ወይ ደግሞ የዚያው አካል ቀዝቃዛ ክፍል ነው። እርስዎ የተጠቀሙበት ቀመር የሚሠራው ሁለት ጫፎቹ በማይነቃነቁ ግድግዳዎች መካከል ለታሰሩና እኩል ለሞቀ ዘንግ ነው። ሰሌዳ በሁለቱም አቅጣጫ ከታሰረ ውጤቱ አንድ ሲቀነስ የፖይሶን ሬሾ (ቁሱ ሲሳብ በጎኑ የሚቀጥንበት መጠን) በሚለው ይካፈላል፤ ለሸክላ ሬሾውን 0.2 ብንወስድ ስትረሱ በሩብ ያድጋል ማለት ነው። የእርስዎ ምጣድ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ዙሪያውን የያዘው ግድግዳ የለም። ምንም ያልያዘው፣ ቀዳዳ የሌለውና በሁሉም ቦታ ባሕርዩ አንድ የሆነ ሰሌዳ ከአንዱ ጎኑ ወደ ሌላው ጎኑ ሙቀቱ በቀጥተኛ መስመር እየጨመረ ቢሄድ፣ ልዩነቱ 300 ዲግሪ ቢሆን እንኳ፣ ስትረሱ ዜሮ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የፈለገውን ያህል ሰፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ሳይጋጭ ይገጥማል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዱሃሜል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከጣለው መሠረት ጀምሮ የዚህ ዘርፍ ዋና ትምህርት ይኸው ነው፦ ስትረስን የሚወልደው ሙቀቱ ከቀጥተኛ መስመር የሚያፈነግጠው መጠን ነው።

በክብ ሰሌዳ ላይ ሙቀቱ ከመሐል ወደ ጠርዝ ብቻ የሚለያይ ከሆነና በውፍረቱ አቅጣጫ እኩል ነው ብለን ከተነሣን፣ ትክክለኛው መፍትሔ በሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይጠቃለላል። በጠርዙ ላይ፣ ዙሪያውን ተከትሎ የሚሄደው ስትረስ የሞጁለሱና የመስፋፊያ ኮፊሸንቱ ብዜት፣ በሰሌዳው አማካይ ሙቀትና በጠርዙ ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። በመሐሉ ላይ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሆነው ስትረስ የዚያው ብዜት፣ በአማካዩና በመሐሉ ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት ተባዝቶ ለሁለት የተካፈለው ነው። ውጤቱ አዎንታዊ ከሆነ የመጎተት፣ አሉታዊ ከሆነ የመጨመቅ ስትረስ ነው። በሁለቱም ውስጥ «የመሐል ሙቀት ሲቀነስ የጠርዝ ሙቀት» የሚል ነገር እንደሌለ ያስተውሉ። ሁለቱም ነጥቦች የሚወዳደሩት ከአማካዩ ጋር ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ምጣድ እንሂድ። በሰጡት ሞጁለስና ኮፊሸንት መሠረት እያንዳንዱ ዲግሪ የሚያስከፍለው 0.06 ሜጋፓስካል ነው። ሬዚስታንሱ እስከ 24 ሴንቲሜትር ስለሚደርስ እስከዚያ ድረስ ያለው ሸክላ በሙሉ 220 ዲግሪ ነው፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 5 ሴንቲሜትሮች ውስጥ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ 110 ይወርዳል ብለን እንነሣ። በስፋት የተመዘነው አማካይ 202 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ጠርዙ ከአማካዩ በ92 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ስትረሱም 5.5 ሜጋፓስካል የመጎተት ነው። መሐሉ ግን ከአማካዩ የሚበልጠው በ18 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ የሚደርስበት ግማሽ ሜጋፓስካል የመጨመቅ ስትረስ ነው፤ ይህ ለሸክላ ምንም ማለት አይደለም። ሰፊው ትኩስ መሐል ሊሰፋ ሲገፋ ቀጭኑና ቀዝቃዛው ዙሪያ እንደ በርሜል ቀለበት ታስሮ ይወጠራል። የሚጎትተው ኃይል ዙሪያውን ተከትሎ ስለሚሄድ የሚከፈተው ስንጥቅ ለጠርዙ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከዳር ተነሥቶ ወደ መሐል የሚጓዝ ነው። በምርቶችዎ ላይ ያዩት ቅርጽ ይኸው ነው።

እነዚያው 220 እና 110 ዲግሪዎች ሳይለወጡ፣ ሙቀቱ ከመሐል ጀምሮ እስከ ጠርዝ ድረስ በእኩል ፍጥነት እየወረደ ቢሄድስ? አማካዩ ከመሐሉ በልዩነቱ ሁለት ሦስተኛ ያንሳል፤ በጠርዙና በአማካዩ መካከል የሚቀረው ሲሶው ብቻ ነው። ስትረሱ 2.2 ሜጋፓስካል ይሆናል። አንድ ዓይነት ልዩነት፣ አንድ ዓይነት ሸክላ፣ ከእጥፍ በላይ የተራራቀ ውጤት። የምጣድ ሠሪው ጠላት የልዩነቱ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን ልዩነቱ በጠባብ ቀለበት ውስጥ መታጨቁ ነው። በእርግጥ ለእንጀራ ወጥ የሆነ ፊት ስለሚፈለግ ሙቀቱ ከመሐል ጀምሮ እንዲወርድ ማድረግ መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ ምሳሌውን ያነሣሁት መዘዙ ምን ላይ እንዳለ ለማሳየት ነው።

አማካዩን ሲፈልጉ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ከመሐል እስከ ዳር በእኩል ርቀት ተለክተው የተገኙትን ንባቦች ደምሮ ለብዛታቸው ማካፈል አማካዩን አይሰጥም፤ ምክንያቱም ዳር ያለው ቀለበት ከመሐሉ ይልቅ እጅግ ሰፊ ነው። በ29 ሴንቲሜትር ራዲየስ ላይ የመጨረሻው 5 ሴንቲሜትር ብቻ ከጠቅላላው ስፋት 31 በመቶውን ይይዛል። ስለዚህ ሙቀቱን ከመሐል በ9.2፣ በ15.9፣ በ20.5፣ በ24.3 እና በ27.5 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ይለኩ። እነዚህ ነጥቦች ምጣዱ በስፋት እኩል ለሆኑ አምስት ቀለበቶች ሲከፈል የእያንዳንዱን ስፋት እኩል የሚያጋምሱ ስለሆኑ የአምስቱ ተራ አማካይ በቂ ነው። ከዚያ ጠርዙን ለብቻው፣ ቢያንስ በአራት አቅጣጫ ይለኩ፤ የሬዚስታንሱ ጫፎች የሚወጡበት በኩል ብዙ ጊዜ ከሌላው ስለሚለይ ስሌቱ በቀዝቃዛው ነጥብ መሠራት አለበት። ልኬቱም ምጣዱ ሞቆ ከተረጋጋ በኋላ ብቻ ሳይሆን በየአምስት ደቂቃው ከመጀመሪያው አንሥቶ ይመዝገብ፤ ከፍተኛው ልዩነት የሚገኘው በአብዛኛው በማሞቅ ሂደት መካከል ነው።

ጠርዙ ለምን ራሱን ችሎ አይሞቅም የሚለው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ የሚጓዝበት ጊዜ ከርቀቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ለእንዲህ ዓይነት ሸክላ ሙቀት 20 ሚሊሜትሩን ውፍረት ለማቋረጥ በሩብ ሰዓት የሚቆጠር ጊዜ ሲበቃው፣ 29 ሴንቲሜትሩን ራዲየስ በሸክላው ውስጥ ለማቋረጥ ከአንድ ቀን በላይ የሚወስድ ነው። እንግዲህ ከመሐል ተነሥቶ ጠርዙን የሚያሞቅ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሬዚስታንስ የሌለበት ቀለበት ምጣዱ የቱንም ያህል ቢቆይ ቀዝቃዛ ሆኖ ይኖራል፣ በጎኑም ወደ አየሩና ወደ ቆርቆሮው ሙቀት እያፈሰሰ ይቀጥላል። «ቀስ ብሎ ይደርሳል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

በውፍረቱ አቅጣጫ ያለው ልዩነት የተለየ ጸባይ አለው። ከሥር ሲሞቅ የታችኛው ፊት ከላይኛው ይበልጣል፤ ልዩነቱ በቀጥተኛ መስመር የተሠራጨና ምጣዱ በነፃነት መጉበጥ የሚችል ከሆነ ስትረስ የለም፣ መጉበጥ ብቻ ነው ያለው። ለምሳሌ ልዩነቱ 120 ዲግሪ ቢሆን የእርስዎ ምጣድ ወደ ታች ሆዱን ነፍቶ ጠርዙ ከመሐሉ በ1.5 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ይህ መጉበጥ ከተከለከለ ግን፣ ማለትም ጠርዙ በሲሚንቶ ወይም በተጨናነቀ ቆርቆሮ ተይዞ እንዳይነሣ ከተደረገ፣ በላይኛው ፊት ላይ 4.5 ሜጋፓስካል የመጎተት ስትረስ ይመጣል። ይህ በጠርዙ ላይ ቀድሞ ካለው 5.5 ጋር ሲደመር 10 ስለሚሆን ምጣዱ የሚተርፍበት ምንም ምክንያት የለም። የምጣዱ የራሱ ክብደት ይህን መጉበጥ ይመልሰዋል ብለው ተስፋ አያድርጉ፤ ዳር ዳሩን ተደግፎ ቢቀመጥ እንኳ ክብደቱ የሚፈጥረው ስትረስ አንድ አሥረኛ ሜጋፓስካል አይሞላም።

ማሞቅ በተጀመረባቸው ደቂቃዎች የሙቀቱ ሥርጭት ቀጥተኛ መስመር ሳይሆን ጠመዝማዛ ስለሚሆን፣ ነፃ በሆነ ምጣድም ላይ የተወሰነ ስትረስ ይቀራል። 3.5 ኪሎዋት በዚህ ስፋት ላይ ሲከፋፈል በአንድ ስኩዌር ሜትር 13 ኪሎዋት ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ወደ ላይ ወደ ሸክላው ቢገባ በታችኛውና በላይኛው ፊት መካከል 160 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይፈጥራል፤ ከመጉበጡ የተረፈው ስትረስ ግን በሁለቱ ፊቶች ላይ 2 ሜጋፓስካል የመጨመቅ፣ በውፍረቱ መካከል 1 ሜጋፓስካል የመጎተት ብቻ ነው። ፊቶቹ ስለሚጨመቁ ሬዚስታንሱ የተቀበረበት ቦይ በዚህ ሰዓት አደጋ ላይ አይደለም። ሥጋት የሚሆነው ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ነው፤ ያኔ ምልክቶቹ ይገለበጣሉ፣ የቦዩ ስለታም ጥግም ስትረሱን ያባዛዋል። ቦዩን ሲቆፍሩ ታችኛውን ጥግ ክብ ማድረግ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የውፍረቱ ጥያቄ ራሱን ይመልሳል። ከመሐል ወደ ጠርዝ ባለው የሙቀት ልዩነት በሚመጣው ስትረስ ቀመር ውስጥ ውፍረት ፈጽሞ የለም፤ 30 ሚሊሜትርም ሆነ 15 ሚሊሜትር ጠርዙ ላይ ያው 5.5 ሜጋፓስካል ነው። በውፍረቱ አቅጣጫ ያለው ልዩነት ግን በዚያው ኃይል ሲሞቅ ከውፍረቱ ጋር ያድጋል፣ የሚሞቅበት ጊዜ ይረዝማል፣ የመብራት ፍጆታውም ይጨምራል። ውፍረት የሚረዳው ምጣዱን ሲያነሡና ሲያጓጉዙ ለሚመጣ ሸክም እንጂ ለሙቀት አይደለም። ይህ ልማድ የመጣው ሸክም በሚሸከም ነገር ላይ ካለን ልምድ ይመስለኛል፤ ምሰሶ ሲወፍር ይጠነክራል፣ የሙቀት ስትረስ ግን ከውጭ የተጫነ ሸክም ስላልሆነ በዚያ ሕግ አይመራም።

ሊጥ ሲፈስ ስለሚሆነውም ይጠየቃል። 200 ዲግሪ በሆነ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ሊጥ ሲያርፍ በሁለቱ መገናኛ ላይ ያለው ሙቀት በቅጽበት ወደ 100 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። የፊቱ ቆዳ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ያለው ትኩስ ክፍል እንዳይኮማተር ስለሚይዘው፣ የላይኛው ወሰን 7.5 ሜጋፓስካል የመጎተት ስትረስ ነው። ቁጥሩ ያስፈራል፤ ነገር ግን በ5 ሰኮንድ ውስጥ ቅዝቃዜው የሚዘልቀው አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፣ የተሟሸ ምጣድ ቅባትም በመካከሉ ስላለ ትክክለኛው ስትረስ ከዚህ ያንሳል። እዚያ የሚፈጠር ስንጥቅ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚጎትተው ኃይል ስለሚያጣ ይቆማል። የሊጥ ማፍሰስ ፊቱን በጥቃቅን የፀጉር ስንጥቆች ሊያስረጀው ይችላል፤ ምጣዱን ለሁለት የሚከፍለው ግን እርሱ አይደለም። አንድ ሁኔታ ብቻ ይለያል፦ ሊጡ የሚዞረው ከዳር ተጀምሮ ወደ መሐል ስለሆነ፣ ቀድሞውኑ በተወጠረ ጠርዝ ላይ ተጨማሪ ቅዝቃዜ ያርፍበታል። ጠርዙ ከነቃ በኋላ ስንጥቁ በጋገራ መካከል የሚታየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

5.5 ከ8 ያንሳል፤ ታዲያ ለምን ይነቃል? እዚህ ላይ የሸክላን ጥንካሬ እንደ ብረት ጥንካሬ አንድ ቁጥር አድርጎ መውሰድ አይቻልም። ሸክላ የሚሰበረው በውስጡ ካሉት ጉድለቶች በትልቁ ነው፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ካሳየው ጀምሮ ይህ የተሰባሪ ቁሶች መሠረታዊ ሕግ ነው። ትንሽ ናሙና ሲጎብጥ ከፍተኛው ስትረስ የሚደርሰው በጠባብ መስመር ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያ ቦታ ትልቅ ጉድለት የመገኘቱ ዕድል አነስተኛ ነው። የምጣዱ ጠርዝ ግን 1.8 ሜትር ዙሪያ አለው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጎተታል፣ ሲደርቅም ቀድሞ የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው እርሱ ነው። ለዚህ ዓይነት ሸክላ ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙን በሜጋፓስካል ስኩዌር ሩት ሜትር 0.4 ብንወስድ፣ በ5.5 ሜጋፓስካል ላይ 1.3 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው የጠርዝ ስንጥቅ ለመሮጥ በቂ ነው። ይህ በጣት ሲዳሰስ እንኳ የማይታወቅ ጭረት ነው። ስትረሱ በግማሽ ቢቀንስ የሚታገሠው የስንጥቅ ጥልቀት አራት እጥፍ አድጎ 5 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይህ ደግሞ በዓይን የሚታይና ምርቱ ከወርክሾፑ ሳይወጣ የሚጣል ነው። ስለዚህ በማጉበጥ ሙከራ ያገኙትን 8 ለንድፍ አይጠቀሙበት። እኔ ለጠርዙ ከ3 ሜጋፓስካል በላይ አልፈቅድም።

አዲስ ምጣድ ላይ ሌላ ነገር ይታከላል። እርጥበት ያዘለ ሸክላ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ሬዚስታንሱ ያለበት መሐል ደርቆ ወደ 200 ሲወጣ፣ እርጥቡ ጠርዝ 100 ላይ ተይዞ ይቆያል፤ ይህ ያለ ምንም የንድፍ ስህተት ከእርስዎ 110 ዲግሪ ጋር የተቀራረበ ልዩነት ሊፈጥር የሚችል ነገር ነው። ሬዚስታንሱን ለመሸፈን የሚፈሰው ጀሶም ብዙ ውኃ ይዞ የሚገባ መሆኑ አይዘንጋ። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በቀስታ እሳት ደጋግመው አሙቀው፣ በጎመን ዘር አሽተው የሚያሟሹት በሥራ ላይ ያለውን ሸክላ ጸባይ ስለሚያውቁ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥም ይህ ደረጃ የሚዘለል አይደለም።

ፋይናይት ኤለመንትን በተመለከተ፣ መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሙቀት ስትረስ ላይ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለው። ፕሮግራሙ ሞዴሉ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ ቦታ ይያዝ ይላል፤ ተጠቃሚው የታችኛውን ፊት ወይም ጠርዙን በሙሉ ያስረዋል፤ ያኔ በእውነቱ ምጣድ ላይ የሌለ ግድግዳ ይፈጠርና የሌለ ስትረስ ይወጣል። መያዝ ያለበት በሦስት ነጥቦች ብቻ፣ ጠቅላላ ስድስት እንቅስቃሴዎችን በሚያግድ መልኩ ነው። ከዚያ ሁለት ፈተናዎች ይሥሩ፦ መላውን ምጣድ እኩል 200 ዲግሪ ያድርጉት፤ ስትረሱ ዜሮ ካልሆነ አያያዝዎ ስህተት ነው። ቀጥሎ ሙቀቱ ከግራ ወደ ቀኝ በቀጥተኛ መስመር እንዲጨምር ያድርጉ፤ አሁንም ዜሮ መሆን አለበት። ሁለቱን ካለፈ በኋላ ከላይ ያሰላነውን ሥርጭት ይስጡትና ጠርዙ ላይ 5.5፣ መሐሉ ላይ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ የመጨመቅ ስትረስ ማውጣቱን ያረጋግጡ። ቦዩንና የሬዚስታንሱን አቀማመጥ ማስገባት ትርጉም የሚኖረው ከዚያ በኋላ ነው። ፊቱ ላይ አንድ ትንሽ ክብ ቦታ ብቻ ከሌላው ቢሞቅ ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለጉም መልሱ ይታወቃል፦ ጭማሪው ሙቀት በ0.06 ሜጋፓስካል ተባዝቶ በሚገኘው ግማሽ ውስጡ ይጨመቃል፣ ልክ ከድንበሩ ውጭ ዙሪያው በዚያው ግማሽ ይጎተታል።

ከላሜራ ብረት ጋር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሲያነቡ የእኛ ለምን አይሰበርም ሊሉ ይችላሉ። በብረት ላይ እያንዳንዱ ዲግሪ 2.4 ሜጋፓስካል ያስከፍላል፤ በተመሳሳይ የ92 ዲግሪ ልዩነት ጠርዙ 220 ሜጋፓስካል ይደርስበታል፣ ይህም ለተራ ብረት የመለጠጥ ወሰን ቅርብ ነው። ብረት ግን ወሰኑን ሲያልፍ ጥቂት ተለጥጦ ስትረሱን ይለቃል፤ የሙቀት ስትረስ የሚመጣው ከተከለከለ መስፋፋት ስለሆነ ትንሽ መለጠጥ ብቻውን ያጠፋዋል። የሚቀረው የተጣመመ ላሜራ ነው። መስታወት እንደ ሸክላ ነው፤ በአልሙኒየም ፍሬም ውስጥ የተደበቀው ቀዝቃዛ ጠርዙ ፀሐይ ባሞቀው መሐሉ ተወጥሮ፣ ለጠርዙ ቀጥ ብሎ በሚነሣ ስንጥቅ ይሰበራል። ቀመሩ ከእርስዎ ምጣድ ጋር አንድ ነው።

የምመክረው ይህ ነው። ሬዚስታንሱን እስከ 27.5 ሴንቲሜትር ራዲየስ ያውጡት፤ ጠቅላላ ኃይሉን ሳይጨምሩ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ጥቅጥቅ አድርገው ያስጠጓቸው። የጠርዙን ጎን ሙቀት በማያሳልፍ ልል መሙያ፣ ለምሳሌ በፋይበር ግላስ ይሸፍኑት። በዚህ ጠርዙ 170 ዲግሪ ቢደርስ አማካዩ 217 ገደማ ስለሚሆን ስትረሱ ወደ 2.8 ሜጋፓስካል ይወርዳል፤ ይህም ከወሰንኩት 3 በታች ነው። ከቆርቆሮው ጋር ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዉ። ምጣዱ በራዲየሱ የሚሰፋው ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው፤ የተቀረው ክፍተት የጉብጠቱን እንቅስቃሴና የአሠራር ስህተትን የሚሸከም ነው። በክፍተቱ ውስጥ ሲሚንቶም ሆነ ጀሶ አይሙሉ። ወጪው ከተቻለ ሬዚስታንሱን ለሁለት ከፍለው ዳሩ በጥቂት ደቂቃ እንዲቀድም ያድርጉት፤ ጠርዙ ከአማካዩ ጥቂት ሲሞቅ ይጨመቃል፣ ሸክላም መጨመቅን በደንብ ይችላል። ይህን ግን አያብዙት፤ ያኔ መጎተቱ ወደ መሐሉ ይዛወራልና መሐሉ ከአማካዩ ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲቀዘቅዝ አይፍቀዱ። ውፍረቱን ባለበት 20 ሚሊሜትር ይተዉት።

ያቀረብኳቸው ስሌቶች የሚጸኑት በሰጡት ሞጁለስና ኮፊሸንት ነው፤ ሁለቱም እንደ አፈሩ ዓይነት፣ እንደ አሸዋው መጠንና እንደ አተኳኮሱ በብዙ ስለሚለያዩ ከእያንዳንዱ የአፈር ቦታ በሚመጣ ሸክላ ላይ በድጋሚ መለካት አለባቸው። ሬዚስታንሱን ካወጡ በኋላ የጠርዙ ስሌት ከ3 በታች ሆኖ ምጣዱ አሁንም ከነቃ፣ ችግሩን በማሞቂያው ላይ አይፈልጉት። በሸክላው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በ573 ዲግሪ ላይ በድንገት መጠኑን ይለውጣል፤ በክፍት እሳት የተተኮሰ ምጣድ በዚያ ሙቀት አካባቢ ነፋስ አግኝቶት በፍጥነት ከቀዘቀዘ ወደ እርስዎ ወርክሾፕ የሚደርሰው ቀድሞ የነቃ ሆኖ ነው። ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት እያንዳንዱን ሸክላ በሦስት ጣት አንጠልጥለው ጠርዙን በእንጨት ያንኳኩት፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠውን ለሸክላ ሠሪዋ ይመልሱ፣ ስንቱን እንደመለሱም ይመዝግቡ።